የከድጃ አረንጓዴ ካፖርት

ባለፈው የገበያ ቀን ሽንኩርትና የባትሪ ድንጋይ ልገዛ ወጥቼ በሰልቫጅ ተራ ሳልፍ፣ ከልብሱ ክምር ላይ አንድ አረንጓዴ ካፖርት እጅጌውን ዘርግቶ ተኝቶ አየሁ። እግሬ አልሄድ አለኝ። ጎንበስ ብዬ እጅጌውን ገልብጬ ስፌቱን ማየት ጀመርኩ። የዕድሜ ልክ ልማድ ነው፣ ልብስ ሳገኝ ፊቱን ሳይሆን ገበሩን ነው የማየው። ሸራው ላይ ቆሞ ይጮህ የነበረው ሻጭ ጩኸቱን ትቶ ዝቅ ብሎ አየኝ።

«አባባ፣ እሱ የሴት ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ለእማማ ነው? ለእማማ ከሆነ እቀንስልዎታለሁ። የጭላሎ ብርድ እንደሆነ ቀልድ አያውቅም።»

ስፌቱን ማየቴን ስቀጥል ጓደኛውን ጠቀስ አድርጎ፣ «አባባ፣ እየገዙ ነው ወይስ እየመረመሩ?» አለኝ። በዙሪያው ያለው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ካፖርቱን አጥፌ በቦታው አስቀመጥኩና ሽንኩርቱንም ረስቼ ወደ ቤቴ ወጣሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ሱቄ ከጋሪ ማቆሚያው ከፍ ብሎ በረንዳ ላይ ነበር። ሱቅ ልበለው እንጂ አንድ የእግር መኪና፣ አንድ ስንጥቅ መስታወትና አንድ የከሰል ካውያ ነው። ዛሬ ባጃጅ ተደርድሮ የሚያንባርቅበት ቦታ ያን ጊዜ ፈረሶች አፋቸው ላይ ከረጢት ታስሮላቸው ገብስ ያኝኩ ነበር፤ የዚያ ገብስና የፈረሱ ላብ ሽታ ከካውያዬ እንፋሎት ጋር ተቀላቅሎ ልብሱ ውስጥ ይገባል። ሻይ በስሙኒ ነው፣ ቦምቦሊኖ በዐሥር ሳንቲም፣ ያውም እጅ የሚሞላ ቦምቦሊኖ። ከአዲስ አበባ ተመድበው የሚመጡት አስተማሪዎች ታቹ መሬት የሚጠርግ ቤል ቦተም ለብሰው ከአውቶቡስ ሲወርዱ፣ የጢቾና የዲክሲስ ጎረምሶች በሳምንቱ ተርጋል ጨርቅ ተሸክመው ይመጡና «እንደዚያኛው ሰውዬ አድርግልኝ» ይሉኛል። አደርግላቸዋለሁ። ክረምት ሲገባ የአሰላ ጭቃ ያንን ሱሪ እስከ ጉልበቱ ይበላውና መልሰው ለማሳጠር ይመጣሉ። ከጎኔ ያለው ሻይ ቤት ሬድዮኑን ከፍ አድርጎ ዘፈን ያሰማናል፤ እኔ መኪናዬን በዘፈኑ ምት ነበር የምረግጠው። ቀስ ያለ ዘፈን ሲመጣ ደንበኛዬ «ምነው አንቀላፋህ?» ይለኛል።

የባለቤቴ የከድጃ ካፖርትም የተወለደው ከዚያው በረንዳ ነው። አንድ ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ የጥድ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ሱፍ ጨርቅ አመጣ፣ ለካሁት፣ ሄደ፣ አልተመለሰም። በዚያ ዘመን ያሰፋውን ልብስ ሳይወስድ የሚቀር ሰው ብዙ ነበር። ለምን እንደሆነ አንጠይቅም፤ አሁን ደግሞ ብንጠይቅም የሚመልስ የለም። ጨርቁን ብዙ ጊዜ አቆየሁለት። ሰፈሩ ሄጄ ጠየቅሁ፣ ተከራይቶት የነበረው ቤት ሌላ ሰው ገብቶበታል። በኋላ ከድጃ በብርድ ስትሳል ጊዜ ቆረጥኩትና ለሷ ልክ ሰፋሁት። ወገቡን ጠበብ፣ አንገትጌውን ሰፋ፣ ኪሱን ደግሞ ጥልቅ አደረግሁት፤ እጇን እስከ ክርኗ ድረስ እንድትከት ብዬ። ስትለብሰው መስታወት እንኳ አልፈለገችም። እጇን ኪሷ ከታ፣ «ይህ ኪስ ነው ወይስ ጎተራ?» አለችኝ።

ጎተራም ሆነ። ቤታችን ከከተማው ወደ ጭላሎ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው፤ ከአጥራችን ማዶ የገብስ ማሳ ይጀምር ነበር። ዛሬ ማሳው ላይ ሰማያዊ መስታወት ያለው ፎቅ ቆሞበታል፣ ከጧቱ ፀሐይ ግማሹን ወስዶብኛል። አላህ ልጅ አልሰጠንም ነበርና ከድጃ ጧት ጧት ብቻዋን በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ በሰፌድ ስንዴ ታበጥራለች፤ ገለባውና ስባሪው ሲወድቅ ወፎቹ ከኮሽም አጥሩ ላይ ሆነው ያያሉ። እሷ ስትገባ ወርደው ይለቅማሉ። አንድ ቀን አልገባችም። ከዚያ ሌላ ቀን ስባሪውን ትንሽ ቀረብ አድርጋ በተነችው። ከዚያ እጫማዋ ጫፍ ላይ፣ ከዚያ ጉልበቷ ላይ። እኔ ወደ ሱቄ ስወጣ አያታለሁ፣ ስመለስ ደግሞ የሆነውን ትነግረኛለች። «ዛሬ ጉንጯ ጥቁር የሆነችው ቢጫዋ ጫማዬን ረገጠችው» ትለኛለች፣ ሰው ከሐጅ ተመለሰ እንደሚባለው ባለ ድምፅ። ክረምት መጥቶ ሄደ፣ ሌላም መጣ። አንድ ጧት ከቤት ስወጣ ከድጃ መዳፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ዓይኗን ወደ ሌላ አዙራ፣ መንዙማ በአፍንጫዋ እያንጎራጎረች አየኋት። መዳፏ ላይ ቢጫዋ ወፍ ቆማለች።

«አትንቀሳቀስ» አለችኝ ከንፈሯን ሳታላውስ።

ቆምኩ። መቀሴን በእጄ እንደያዝኩ ያን ያህል የቆምኩበት ቀን የለም።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም መጡ፣ ድንቢጡም፣ ዋኔውም፣ ቢጫዎቹም። «ኮቱ፣ ኮቱ» ትላቸዋለች በኦሮምኛ፣ ነይ ነይ እንደማለት ነው። ኪሷ ውስጥ እህል ስለምትይዝ ቢጫዋ ኋላ ኋላ ደፍራ ጭንቅላቷን ኪሱ ውስጥ እየከተተች መብላት ጀመረች፤ ጅራቷ ብቻ ከውጭ ይታያል። ጎረቤቶቻችን ግን ይህን አልወደዱም። እውነታቸውን ነው፣ የአርሲ ሰው ወፍን የሚያውቀው በወንጭፍ ነው። እህል አገር ላይ ወፍ ማብላት አይጥን ጎተራ እንደ መጋበዝ ነው የሚታየው። ከአጥሩ ማዶ ያለው ባለማሳ ሲያልፍ፣ «ከድጃ፣ ሌቦቼን አደለብሽልኝ» ይላታል። እሷም ትመልሳለች፤ «እዚህ ጠግበው ያንተን እንዳይነኩ ነው። ይልቅ ግማሹን እህል አንተ አዋጣ።» ይስቃል፣ ያልፋል። እኔንም ቁጭ በልና እጅህን ዘርጋ ትለኝ ነበር። እቀመጣለሁ፣ ግን ወፍ ወደኔ አይመጣም። «ትቸኩላለህ» ትለኛለች። «እጅህ ልብስ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው። ጣትህን አታላውስ፣ ዓይን ዓይናቸውንም አትይ። ድመትም የሚያያቸው እንደሱ ነው።»

አንድ ቀን ካፖርቱን አጥባ አስጥታው ነጠላ ለብሳ ወጣች። ወፎቹ አጥሩ ላይ ተደረደሩ፣ አዩዋት፣ አልወረዱም። ኮቱ አለች፣ መንዙማውን አንጎራጎረች፣ መዳፏን ዘረጋች። ምንም። ተነሥታ እርጥቡን ካፖርት ከገመዱ ላይ አንሥታ ለበሰችው፤ ገና ሳትቀመጥ ቢጫዋ ትከሻዋ ላይ አረፈች። ከድጃ በሳቅ ወደቀች። «አየህ አንተ ሰውዬ? ለካ የሚወዱት እኔን አይደለም፣ ያንተን ስፌት ነው!» እኔ ያን ቀን ኩራት ተሰምቶኝ በረንዳዬ ላይ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ተረክሁት። ዛሬ ሳስበው ነገሩ ያን ጊዜ ተነግሮን ነበር፣ እኛ ሳቅንበት እንጂ።

ሳሉ አልለቀቃትም። ሐኪም ቤት ተኛች፣ ወጣች፣ ደግማ ተኛች። ገብሱ ማሸት ሲጀምር አልጋ ላይ ዋለች። አንድ ከሰዓት ጠራችኝና፣ «ወፎቹን አደራ» አለችኝ።

«እሺ።»

«እሺ ብቻ አትበለኝ። ካፖርቱን ልበሰው። መጀመሪያ ካፖርቱን ነው የሚያምኑት፣ ከዚያ ቀስ እያሉ አንተን ይለምዱሃል።»

«የሴት ካፖርት ለብሼ ልቀመጥ?»

«ግቢህ ውስጥ ማን ያይሃል? ወፎቹ እንደሆነ አይናገሩም።»

ልስቅ አልኩና አልሆነልኝም። እሷ ግን ሳቀች፣ ሳሉ እስኪያቋርጣት። ብዙም አልቆየች።

ለቅሶ ላይ ወንድ ድንኳን ውስጥ ነው፣ ሴት ቤት ውስጥ። ሰው ሲመጣ እነሣለሁ፣ ሲቀመጥ እቀመጣለሁ፤ ከድንኳኑ ሸራ ውጭ አጥሩ ላይ ወፎቹ ሲንጫጩ ይሰማኛል። ለማንም አልነገርኩም እንጂ ልቤ እዚያ ነበር። ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን ካፖርቱን ላወርድ ከበሩ ኋላ ያለውን ሚስማር ዳበስኩ። ሚስማሩ ብቻውን ነው። የከድጃ ታላቅ እህት መኪያ ቤቱን እየጠረገች ነበር።

«እትዬ መኪያ፣ ካፖርቱስ?»

«የቱ ካፖርት?»

«አረንጓዴው።»

«ሰጠሁታ። ሁሉንም ሰደቃ አወጣሁት። ልብሷ ሰው ሲያሞቅ አይደል አጅሩ እሷ ጋ የሚደርሰው?»

«ለማን ሰጠሽው?»

«ከላይ ማሳ የሚጠብቅ አንድ ድሃ በር ላይ መጥቶ፣ ጆንያ ተከናንቦ ሲንቀጠቀጥ አንጀቴን በላው። እንዴት አድርጎ እንደመረቃት ብትሰማ!» መጥረጊያውን ይዛ ቀና አለች። «ምነው? ለሙት የወጣ ሰደቃ ልታስመልስ ነው?»

«ኧረ በፍጹም» አልኳት። ምን ልበላት? ሚስቴን በቀበርኩ ማግስት የሴት ካፖርት ለብሼ ለወፍ እጄን ልዘረጋ ነበር ልበላት?

ካፖርቱ ሳይኖር ሞከርኩ። በርጩማዋ ላይ ተቀመጥኩ፣ እህሉን በተንኩ፣ ኮቱ አልኩ። ወፎቹ አጥሩ ላይ መጥተው ያዩኛል፣ ራሳቸውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ፣ ሰው የጠፋበትን ሰው ፊት እንደሚፈልግ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ማሳው ይሄዳሉ። እያደር የሚመጡት አነሱ። ቢጫዋ ቀረች። ከዚያ አጥሩ ላይ ምንም የሌለበት ጧት መጣ። ያን ጊዜ ነው የራሴን ጃኬት፣ ለዒድ የሰፋሁትን ገበርዲኑን፣ ክንዴ ላይ አድርጌ ወደ ላይ የወጣሁት። ማስመለስ ነውር ነው፤ በተሻለ መቀየር ግን ነውር አይደለም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

ሰውየውን ከሩቅ አየሁት። ገብሱ መሐል ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ቆሟል፣ አረንጓዴው ካፖርት ወገቡ ላይ ጠብቦት፣ ክንዱ ከእጅጌው ተርፎ ወጥቶ። ስሙ ቱፋ ነው። «አካም ቡልተን» ብሎ በአክብሮት ሰላም አለኝ፣ ድንጋዩ ላይ ቦታ ለቀቀልኝ፣ የጠበሰውን የገብስ እሸት በመዳፉ እያሸ አቀረበልኝ። ጥሩ ሰው ነበር። ይህን የምለው ጥሩ ሰው ስለነበረ ነው፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በኦሮምኛ ነበር የምናወራው። ስለ ብርዱ፣ ስለ ገብሱ ከተጫወትን በኋላ ራሱ ጀመረልኝ።

«አባ፣ ዘንድሮ ያየሁትን ጉድ ልንገርህ? ዕድሜዬን ሁሉ ወፍ ጠብቄአለሁ፣ የዘንድሮን ዓይነት ጅል ወፍ አይቼ አላውቅም። ወንጭፍም አላስፈለገኝ። ይመጡና እጄ ላይ ያርፋሉ!»

«እጅህ ላይ?»

«በአላህ ስም! አንዷ ጭራሽ ኪሴ ውስጥ ልትገባ ጭንቅላቷን ከተተች። እዚያው ነው አንገቷን የያዝኳት። ባለማሳው ሰምቶ አላምን ብሎ መጥቶ በዓይኑ አየ። እንዳንተ ያለ ጠባቂ የለም፣ ለከርሞም አንተው ነህ አለኝ። አየህ፣ ሥራ አገኘሁ።»

በእጁ ወደ ማሳው ዳር አመለከተኝ። ሌላው ወፍ አይቶ እንዲሸሽ የሞተውን በእንጨት ላይ ማንጠልጠል በእኛ አገር የቆየ ልማድ ነው። እንጨቶቹ በተርታ ተተክለዋል። ድንቢጦቹ አሉ፣ ዋኔው አለ፣ ቢጫዎቹ በእግራቸው ታስረው ነፋስ ያዞራቸዋል። አንደኛዋ ጉንጯ ጥቁር ነው።

«ከነዚህ ወዲያ ይመጣሉ?» አልኩት።

«አይ፣ አለቁ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አንዲትም ብቅ አላለች።»

ጃኬቱ ክንዴ ላይ ከበደኝ። ቱፋ አየውና፣ «የሚሰፋ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ሰፊ መሆኔን ሲሰማ ደስ ብሎት የካፖርቱን ደረት ያዝ አደረገ፤ አንዱ ቁልፍ በክር ተንጠልጥሏል። «እንግዲያው ይቺን አትረግጥልኝም? ብርዱ በሷ በኩል ይገባል።» መርፌና ክር ከአንገትጌዬ ተለይቶኝ አያውቅም። ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ደረቱን ሰጠኝ፣ እኔም ጎንበስ ብዬ ቁልፉን ሰፋሁለት። ክሩን በጥርሴ ስበጥስ የከድጃ ሽታ ካፖርቱ ላይ ገና ነበረ፣ ከጭስና ከገብስ ሥር።

«የዚህ ልብስ ባለቤት ጀነት ይስጣት» አለኝ ቁልፉን እየዳበሰ። «ሰው አደረገችኝ።»

«አሚን» አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት። ከዚያ ጃኬቴን ክንዴ ላይ እንዳለ ይዤ ወረድኩ።

እስካሁን የምብሰለሰለው በዚህ ነው። ማንን ልክሰስ? መኪያ ሰደቃ አወጣች፣ ቱፋ የተቀጠረበትን ሥራ ሠራ፣ ከድጃ ለሚርበው አበላች፣ እኔ ካፖርቱን አሳምሬ ሰፋሁ። ሁሉም ደግ ነገር ነው የሠራው። ደግነቱ ተደምሮ ማሳ ዳር በእንጨት ላይ ተንጠለጠለ። መኪያ፣ አላህ ይማራትና፣ ሳትሰማው ሞተች፤ ብነግራት ምን ይጠቅማት ነበር? ቱፋም ያንን ካፖርት ለብሶ ከተማ ሲወርድ ከሩቅ እያየሁ መንገድ እቀይር ነበር፣ አንገትጌው ነጥቦ፣ አረንጓዴው ወደ አመድ እስኪዞር ድረስ።

ወፍ ግን አያልቅም። ሌሎች መጡ። አደራዋ አለብኝና ግራጫ ሹራቤን ለብሼ በዚያው በርጩማ ላይ መቀመጤን አልተውኩም። ሥራ እያለኝ ትንሽ ተቀምጬ እነሣ ነበር፤ ዓይኔ መርፌ ማስገባት ሲያቅተውና መኪናዬን ስሸጥ መቀመጥ ብቻ ሆነ ሥራዬ። ወፎቹ እጫማዬ ጫፍ ድረስ ይመጣሉ፣ ከዚያ አያልፉም። የመኪያ ልጅ ዘሃራ ናት አሁን የምትጦረኝ፣ ጎረቤት ነው የምትኖረው። እየመጣች ታሾፍብኛለች። «አባባ፣ ዛሬስ ተፈቀደልዎት?» ትለኛለች፣ «ገና ነው» እላታለሁ። ሹራቡ ክርኑ ላይ ስለሳሳ፣ «ለርስዎ አዲስ ገዝቼ ይህንን ለአንዱ ለተራበው ለታረዘው እንሰጠው የለም እንዴ?» ትለኛለች። ገና ነው እላታለሁ።

ከሰልቫጅ ተራ በተመለስኩ ማግስት እንደ ልማዴ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ፎቁ የተረፈልኝን ፀሐይ እየሞቅኩ፣ መዳፌን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ሐሳቤ ያ ካፖርት ላይ ሆኖ እጄን ረስቼው ነበር። አንድ ነገር አውራ ጣቴን ቆነጠጠኝ። ቢጫ ናት፣ ገና ልጅ፣ ጉንጯ ያልጠቆረ። ክብደቷ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ነው። አንድ ፍሬ አነሣች፣ አየችኝ፣ ሌላ አነሣች፣ ከዚያ ዘወር ብላ የሹራቤን እጅጌ በመንቁሯ መመርመር ጀመረች፣ ክር እንደሚመርጥ ሰው። ዘሃራ በአጥሩ በር እንደገባች እዚያው ደርቃ ቀርታለች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

ያን ያህል ዘመን የጠበቅኳት ናት። ምነው ከድጃ ባየችው አልኩ። እጅጌዬን የምትመረምረውን አየኋት፣ ክርኑ ላይ የሳሳውን ሹራቤን አየሁት፣ ሰውነቴንም አውቀዋለሁ፣ ከዚህ በኋላ ብዙ ክረምት አይሻገርም።

ሁለት እጄን አንሥቼ አጨበጨብኩ።

ፍሬው ተበተነ፣ ወፊቱ ጮኻ አጥሩን ዘልላ ሄደች፣ ከአጥሩ ላይ የነበሩትም ተከተሏት። ዘሃራ ሮጣ መጣች።

«ምነው አባባ! ስንት ዘመን ለፍተው ለፍተው!»

«ሹራቡን ለማን እንደምትሰጪው አታውቂም» አልኳት።

ትንሽ አየችኝና ሳቀች፣ ሰው ሲያረጅ ለንብረቱ ይሰስታል እንደሚባለው መስሏት። «ለአንድ አሮጌ ሹራብ ነው እንዴ? እሺ፣ ለማንም አልሰጥብዎትም» አለችኝ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። ትሰጠዋለች፣ አውቃለሁ። ትስጠውም፣ ብርድ የሚመታው ሰው መቼም አይጠፋም።

አሁንም ጧት ጧት እወጣለሁ። እህሉን ራቅ አድርጌ አጥሩ ሥር እበትናለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። በልተው ሲጠግቡና አንዷ ወደ ጫማዬ ስትጠጋ አጨበጭባለሁ።

ይህንንስ ቶሎ ለመዱት።